ደወል የሌለው መሥሪያ ቤት፤ ወይም የብላክቤሪ ስልክ ታሪክ

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ከአንድ የወይራ ዛፍ ላይ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ተንጠልጥሎ ነበር። ዘበኛው በብረት ሲመታው ትምህርት ይጀመራል፤ ደግሞ ሲመታው ትምህርት ያልቃል። ማታ ከጥናት በኋላ ሲመታ ፋኖሱ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ ገልጦ የተገኘ ልጅ ይቀጣ ነበር እንጂ አይመሰገንም። እኛም ያን ጊዜ ደወሉ አሥሮ የያዘን ይመስለን ነበር። ልጆቼ ሆይ፣ ዛሬ ላጫውታችሁ የተነሣሁት ይህን ደወል ከሰው ሥራ ላይ ስላነሣው ስለ አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ስሙም ብላክቤሪ ይባላል። ከእናንተ ብዙዎቹ በእጃችሁ ይዛችሁት አታውቁ ይሆናል፤ ነገር ግን ዛሬ በኪሳችሁ ያለው ስልክ ከጠባዩ ብዙውን የወረሰው ከእርሱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

መሣሪያው የተወለደው በካናዳ አገር፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ዋተርሉ በምትባል ከተማ ነው። ማይክ ላዛሪዲስ የሚባለው ሰው በ1961 ከግሪክ ወላጆች በኢስታንቡል ተወልዶ በሕፃንነቱ ከቤተሰቡ ጋር ወደ ካናዳ ተሻገረ፤ በ1984ም ከጓደኛው ከዳግላስ ፍሬጊን ጋር ሆኖ ሪሰርች ኢን ሞሽን የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። በ1992 ጂም ባልሲሊ የተባለ የንግድ ሰው ተጨመረና አንዱ መሣሪያውን ሲያበጅ ሌላው ገበያውን ሲፈልግ ሁለቱ አብረው ኩባንያውን መሩት። ከብላክቤሪ አስቀድመው ፔጀር ሠርተው ነበር፤ ይኸውም አጭር መልእክት ተቀብሎ መልስ ሊልክ የሚችል ነው። በ1999 ግን ኢሜይል የሚያደርሰውን መሣሪያ ብላክቤሪ ብለው ለገበያ አወጡት። ብላክቤሪ ማለት ጥቁር እንጆሪ ነው፤ የፊደል ቁልፎቹ ተቀራርበው ሲታዩ የእንጆሪ ፍሬ ስለሚመስሉ ነው ይባላል። ስሙን ያወጡለት ለዕቃ ስም በማውጣት የሚተዳደሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ እንዲህ ያለ እንጀራ መኖሩን ስሰማ ገርሞኛል።

የዚያን ጊዜውን ሁኔታ ካላሰባችሁ የመሣሪያው ነገር አይገባችሁም። ኢሜይል የሚባለውን ደብዳቤ ለማንበብ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ወንበር ላይ መቀመጥ ነበረበት። ከቤቱ ወይም ካረፈበት ሆቴል ማንበብ ቢያምረው ኮምፒዩተሩን ከስልክ ሽቦ ጋር ያገናኛል፤ ያ የሚንጫጫው ድምፅ እስኪያልቅ ይጠብቃል፤ ከዚያም ደብዳቤ መጥቶ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ሰው ወደ ደብዳቤው ይሄድ ነበር። በብላክቤሪ ግን ደብዳቤው ወደ ሰው መጣ። በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ የተጫነው ፕሮግራም አዲስ ደብዳቤ በደረሰ ቁጥር አሳንሶና በምስጢር ፊደል ቆልፎ ወደ ኩባንያው ማዕከል ይልከዋል፤ ማዕከሉም በሬዲዮ ሞገድ በባለቤቱ ወገብ ላይ ወዳለው መሣሪያ ያደርሰዋል። ደብዳቤው ረጅም ቢሆን መጀመሪያ የሚመጣው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የቀረውን አንባቢው ሲፈልግ ያስመጣዋል። ስለዚህም መሣሪያው ኃይል አይፈጅም፤ የመጀመሪያዎቹ ለሬዲዮ በምንገዛው ዓይነት በአንዲት ትንሽ ባትሪ ድንጋይ ለሳምንታት ይሠሩ ነበር።

አያያዙም የራሱ ወግ ነበረው። ከቆዳ በተሠራ አፎት ሆኖ እንደ ሽጉጥ በቀበቶ ላይ ይታጠቁታል። መልእክት ሲመጣ ይርገበገባል፤ ከራሱ ላይ ያለችውም ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። በጎኑ ያለውን ትንሽ መንኮራኩር በአውራ ጣት እያዞሩ ያነባሉ፤ በሁለት አውራ ጣት ብቻ ይጽፋሉ። አንድን ፊደል ተጭነው ቢያቆዩት ትልቁ የላቲን ፊደል ይወጣል፤ የባዶ ቦታውን ቁልፍ ሁለት ጊዜ ቢጫኑት ነጥብ ይገባል። የለመደ ሰው ቁልፉን ሳያይ ከጠረጴዛ በታች ይጽፍበት ነበር። በስብሰባ ላይ አንገታቸውን ደፍተው እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ ያደረጉትን ሹማምንት ከሩቅ ያየ ጸሎት ላይ ናቸው ሊል ይችላል። በ2002 የወጣው 5810 የተባለው ስልክም ጨመረ፤ ዳሩ ግን በጆሮ ገመድ ካልሆነ በቀር መነጋገር አይቻልበትም ነበር። ገዢዎቹ የወደዱት ድምፁን ሳይሆን ደብዳቤውን ስለ ነበረ ጉድለቱ ብዙ አላስቀየማቸውም።

መስከረም 11 ቀን 2001 በኒው ዮርክና በዋሽንግተን ላይ አደጋ በወደቀ ጊዜ ተራው የእጅ ስልክ በጥሪ ብዛት ታፍኖ ሲቀር፣ የብላክቤሪ መልእክት በሌላ መረብ ይሄድ ስለ ነበረ ለብዙዎች ደረሰ። ከዚያ በኋላ ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት መሣሪያው ታደለ። የባንክ ሰዎችና የሕግ ጠበቆች ደግሞ ቀድመው ይዘውት ነበር፤ የኩባንያው ሻጮች «ለጥቂት ጊዜ ሞክሩት» ብለው ይሰጧቸው ነበርና፣ ከሞከረው መካከል ልመልስ የሚል ጥቂት ነው። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። መሣሪያው መጀመሪያ የተሰጠው ለትልልቆቹ ስለ ሆነ በወገብ ላይ መታየቱ ክብር ሆነ፤ ገመድ ነው ብሎ የጠረጠረው ማን ነው?

እኔ ብላክቤሪን መጀመሪያ ያየሁት በ2005 በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል የዋሽንግተን ጎረቤት ከተማ፣ በእህቴ ልጅ ቤት ነው። እርሱ በአንድ የሕግ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ይሠራ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ቡና አፍልታ ተቀምጠን ሳለን ያች ቀይ መብራት ብልጭ አለች። በአቦሉ ጊዜ አንድ ጊዜ ተነሣ፤ በቶናው ጊዜ ከትራሱ ሥር አድርጎ ጻፈ፤ በረካው ሲቀዳ ግን ሲኒው በፊቱ ቀዘቀዘ። እኔም የመምህርነት ጠባይ አልተወኝምና «ልጄ፣ እሑድ እኮ ነው» አልሁት። እርሱም ሳይቆጣ፣ «ጋሼ፣ ይህ ነገር እኮ ነፃ ያወጣኝ ነው። ድሮ ደብዳቤ ስጠብቅ እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ቢሮ እቀመጥ ነበር፤ ልጄን ተኝታ ነበር የማገኛት። አሁን እራት ከእርሷ ጋር እበላለሁ» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ መልስ አጣሁለት።

ልጅቱ ግን መልስ ነበራት። አምስት ዓመቷ ነበር። በማግሥቱ ማታ መሣሪያው ጠፋና ቤቱ ተተራመሰ፤ አባቷ አልጋ ገለበጠ፤ እናቷ የቆሻሻ ዕቃ ሳይቀር ፈተሸች። በመጨረሻ መሶቡ ብቻውን ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከእንጀራው ሥር አግብታው ኖሯል! እኛ ሳቅን፤ አባቷም ሳቀ፤ ነገር ግን እጁን ጠርጎ መጀመሪያ ያደረገው ያመለጠውን መልእክት ማንበብ ነው። በኋላ እንዳነበብሁት፣ ልጆች የወላጆቻቸውን ብላክቤሪ እንደሚደብቁ በዚያው ሰሞን የአሜሪካ ጋዜጦችም ጽፈው ነበር።

ሕዝቡ ራሱ ነገሩን አልሳተውም። ክራክ ከሚባለው ክፉ ሱስ አስያዥ ዕፅ ስም ጋር አዳቅሎ «ክራክቤሪ» አለው፤ በ2006 የዌብስተር ኒው ወርልድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህን ቃል የዓመቱ ቃል አድርገው መረጡት። አውራ ጣቱን የሚያመው ሰው ስለ በዛም ሕመሙ «የብላክቤሪ አውራ ጣት» ተባለ። ባራክ ኦባማ በ2009 ፕሬዚዳንት ሲሆን ጠባቂዎቹ ለምስጢር ሲሉ መሣሪያውን ሊያስተዉት ቢፈልጉም ተከራክሮ፣ በብዙ ቁጥጥር፣ ይዞት ቀርቷል።

እንግዲህ የእህቴን ልጅ ነገር ለረጅም ጊዜ ሳሰላስል ቆየሁ። ነፃ ወጣሁ ያለው ሐሰት ካልሆነ፣ ቡናው የቀዘቀዘው ለምንድር ነው? በኋላ ያገኘሁት መልስ ከእኔ የተሻሉ ሰዎች የጻፉት ነው። ማዝማንያን፣ ኦርሊኮቭስኪና ዬትስ የተባሉ ሦስት ሴቶች መምህራን በእንዲህ ያለ መሣሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎችን መርምረው በ2013 አሳተሙ። ያገኙትም ይህ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ሲጠየቅ መሣሪያው ነፃነትና የልብ ዕረፍት ሰጠኝ ይላል፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲታዩ ግን ከሥራ የሚለዩበት ሰዓት አጥተዋል። አካሄዱ እንዲህ ነው። አንድ ትጉህ ሰው ማታ በሦስት ሰዓት ለመጣለት ደብዳቤ መልስ ይሰጣል። አለቃው ደስ ይለዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ በሦስት ሰዓት ይጽፍለታል። ጎረቤቱ ይህን አይቶ ሰነፍ እንዳይባል እርሱም ይመልሳል። ከዓመት በኋላ በሦስት ሰዓት ያልመለሰ ሰው ምን ሆኖ ነው ተብሎ ይጠየቃል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ማንም ማንንም አላዘዘም፤ በጽሑፍ የወጣ ደንብም የለም። ክፉ ጌታ ቢኖር ኖሮ ሰው ያጉረመርምበት ነበር፤ እዚህ ግን ገመዱን የገመዱት ጥቂት ፍርሃትና ጥቂት ኩራት ናቸው። መሣሪያውን ብቻ መውቀስ አልወድም፤ ቸርኬውን የሚመታ ዘበኛ ከግቢው መሄዱን ያላስተዋልነው እኛው ነን።

በ2005 ደግሞ ብላክቤሪ ሜሴንጀር የተባለ ነገር ተጨመረ። ባለ ብላክቤሪዎች እርስ በርሳቸው የሚጻጻፉበት ነው፤ ከእያንዳንዱ መልእክት አጠገብ አንዲት የላቲን ፊደል ትታያለች፤ «ዲ» ብትሆን ደርሷል፣ «አር» ብትሆን ተነብቧል ማለት ነው። ጨዋ ሰዎች ለዘመናት ሲጠለሉባት የኖረች «አልደረሰኝም» የምትባል ትንሽ ውሸት በዚች ፊደል ሞተች። ውሸት ሞተ ብዬ ማዘኔ አስተማሪነቴን አያስመሰግነውም፤ ነገር ግን ሰው መልስ ከመስጠቱ በፊት አንድ ሌሊት የሚያድርበት መሸሸጊያ ነበረች።

ጥቅምት 10 ቀን 2011 በእንግሊዝ አገር፣ ስላው በምትባል ከተማ ባለው የኩባንያው ማዕከል አንድ ትልቅ ማስተላለፊያ ተበላሸ። በአውሮፓ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በአፍሪካና በህንድ፣ በኋላም በአሜሪካ ያሉት ብላክቤሪዎች ዝም አሉ፤ ችግሩም ቀናት ፈጀ። ላዛሪዲስ ራሱ በምስል ቀርቦ ሕዝቡን ይቅርታ ጠየቀ። ነጋዴዎች ተቆጡ፤ ብዙዎችም ተንገላቱ። ከዓረብ ኤምሬትስ የመጣው ወሬ ግን ሌላ ነበር። መልእክቱ በተቋረጠባቸው ቀናት የመኪና አደጋ በዱባይ 20 በመቶ፣ በአቡ ዳቢ 40 በመቶ መቀነሱን ፖሊሶች ተናገሩ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ በጀርመን አገር የሆነው ነገር የልጅነቴን ቸርኬ አስታወሰኝ። ቮልስዋገን የተባለው የመኪና ኩባንያ ከሠራተኞቹ ተወካዮች ጋር ተስማማ፤ ፈረቃው ካለቀ ከ30 ደቂቃ በኋላ ወደ ሠራተኞቹ ብላክቤሪ ኢሜይል መሄዱ ይቆማል፤ ፈረቃው ሊጀመር 30 ደቂቃ ሲቀረው እንደ ገና ይከፈታል። ደወሉ ተመልሶ ተሰቀለ ማለት ነው። ትልልቆቹ አለቆች ግን በስምምነቱ አልተካተቱም፤ መሣሪያውን እንደ ክብር ቀድመው የታጠቁት ደወል ሳያገኙ ቀሩ። በፈረንሳይ አገርም ከ2017 መጀመሪያ ጀምሮ 50ና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው ድርጅቶች ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት ውጭ ከመልእክት ስለሚለይበት መብት እንዲደራደሩ ሕግ ወጥቷል።

የብላክቤሪ ውድቀት አጭር ታሪክ ነው። በ2007 የአፕል ኩባንያ አይፎንን ሲያወጣ የቁልፍ ወዳጆች በመስተዋት ላይ ማን ይጽፋል ብለው ሳቁ። እስከ 2012 ድረስ ተጠቃሚው እየበዛ ወደ 80 ሚሊዮን ቢጠጋም ገበያው ወደ መስተዋቱ አዘነበለ። ሁለቱ መሪዎች በጥር 2012 ከሥልጣናቸው ወረዱ፤ በ2016 ኩባንያው ስልክ በራሱ መሥራቱን እንደሚተው አስታወቀ፤ ጥር 4 ቀን 2022 የቀድሞዎቹን መሣሪያዎች የሚያገለግለው ማዕከል ተዘጋ።

የእህቴ ልጅ የእርሱን በመሳቢያ አስቀምጦታል። ያች መሶብ ውስጥ የደበቀችው ልጅ አድጋ ዛሬ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናት። ባለፈው ፋሲካ በእነርሱ አገር ማታ፣ በእኛ ሌሊት፣ እንኳን አደረሰህ ልትለኝ ደወለች። የመሶቡን ታሪክ አንሥተን ብዙ ሳቅን። «አባባ፣ እኔ እኮ አላስታውሰውም፤ አባዬ ነው የሚነግረኝ» አለችኝ። ከዚያ ከወዲያ በኩል አንድ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ። «አንድ ጊዜ አባባ፣ ይቅርታ፣ ከቢሮ ነው» አለችና፣ እኔ ስልኩን በጆሮዬ ይዤ ጠበቅኋት።