የልጆች የሃሎዊን ጭምብልና ልብስ
ፕላስቲክ፣ ሬዮን ጨርቅ፣ ላስቲክ
አሜሪካ፣ 1960ዎቹ ገደማ (እ.ኤ.አ.)

በሃሎዊን በዓል፣ ኦክቶበር 31 ምሽት፣ ልጆች እንዲህ ያለውን ለብሰው የየጎረቤቱን በር እያንኳኩ ከረሜላ ይቀበሉ ነበር። የአፍንጫው ቀዳዳዎች ጠባብ በመሆናቸው ጭምብሉን ከውስጥ ትንፋሽ ያረጥበዋል። ላስቲኩ ጆሮ ግድም በቀጭን ሽቦ ተይዟል፤ ቶሎ የሚላቀቀውም እዚያው ላይ ነው። ጭምብሉ የጠንቋይ ፊት ነው፤ የልብሱ ደረት ላይም የዚያችው ጠንቋይ ሥዕል ታትሟል፤ የራሷን ምስል ለብሳ የምትዞር ጠንቋይ መሆኗ ነው።

ከሱቅ የሚገዛው ልብስ ቤት ውስጥ ከአሮጌ ጨርቅ የሚሰፋውን በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ተክቷል። በ1982 (እ.ኤ.አ.) ቺካጎ አካባቢ በመርዝ የተበከለ የሕመም ማስታገሻ ሰባት ሰዎችን ከገደለ በኋላ፣ ከረሜላም ተመርዞ ይሆናል ብለው በመስጋት ልጆቹ ይዘው የመጡትን የሚመረምሩ ወላጆች በዙ። ዛሬ በአንዳንድ ከተሞች ከረሜላው የሚታደለው በመኪና ማቆሚያ ስፍራ፣ ኋላቸው ተከፍቶ ከተደረደሩ መኪኖች ነው።