አንድ ያላት እንቅልፍ የላት

አባቶቻችን «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ይላሉ። ምሳሌው ለነጋዴም እንደሚሠራ የኮልት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ታሪክ ያስረዳናል።

አሜሪካዊው ሳሙኤል ኮልት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1836 ዓ.ም. ጥይት መያዣው እየዞረ የሚተኩስ ሽጉጥ ለመሥራት በፓተርሰን ከተማ ኩባንያ አቋቋመ። ተስፋው የመንግሥት ጦር ነበረ፤ ጦሩ ግን ጥቂት ብቻ ስለ ገዛ በ1842 ፋብሪካው ተዘጋ። በ1847፣ በሜክሲኮ ጦርነት ጊዜ፣ መንግሥት 1,000 ሽጉጥ ቢያዘው ሥራው እንደ ገና ተነሣ።

ያው ነገር በዘመናችንም ተደገመ። ኩባንያው ከ1960ዎቹ ጀምሮ ኤም 16 ጠመንጃ ለመንግሥት እየሠራ ከበረ። በ1988 ግን ውሉ ለቤልጂጉ ኤፍ ኤን ተሰጠ፤ ረጅም የሠራተኞች አድማም ተጨምሮበት ኮልት በ1992 መክሰሩን ለፍርድ ቤት አመለከተ። በ2013 የኤም 4 ጠመንጃ ውልም ለዚያው ተወዳዳሪ ሄደ፤ ኮልትም ዕዳ ከብዶት በ2015 ዳግመኛ ከሰረ። በ2021 አንድ የቼክ ኩባንያ ገዛው።

ውል ሲገኝ ማሽኑም ሠራተኛውም ይበዛል፤ ውሉ ሲቀር ግን ወጪው ይቀራል እንጂ ገዢው አይቀርም። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ነገ ሥራ ስናቋቁም፣ ትልቁን ገዢ እያከበርን ትንንሾቹንም አንርሳ።