ከሒሳብ መዝገብ የተለየ ሰው
የቻርልስ ላምብ ጡረታ፣ ከ1825 እስከ 1834

«ጡረታ» የሚለው ቃል የተገኘው «ጦረ» ከሚለው ግሥ ነው። ያረጁ ወላጆቹን የሚመግብና የሚያለብስ ልጅ ጧሪ ይባላል፤ ልጅ የሌለውም ሰው «ጧሪ ቀባሪ የለው» እየተባለ ይታዘንለታል። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ከበዛ ወዲህ ግን የመጦሩን ተግባር ሕግና መሥሪያ ቤት ተካፍለውታል። ይሁን እንጂ ሕግ የሚያስበው ስለ ቀለብ ነው፤ ዕድሜው ሳይገፋ ከሥራ የተለየ ሰው ቀኑን በምን እንደሚሞላው የሚደነግግ አንቀጽ የለም። ይህን ጉዳይ በግልጽ ጽፈው ካለፉት ሰዎች አንዱ የሒሳብ ሠራተኛ ነበረ፤ እርሱም እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ላምብ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላምብ በ1775 በለንደን ተወለደ። ክራይስትስ ሆስፒታል በተባለው ትምህርት ቤት፣ በኋላ ስመ ጥር ባለቅኔ ከሆነው ከሳሙኤል ኮልሪጅ ጋር ከተማረ በኋላ፣ በኤፕሪል 1792 ገና በ17 ዓመቱ በምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የሒሳብ ክፍል ተቀጠረ። የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት በለንደን በሊደንሆል መንገድ ላይ ይገኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ያለ ደመወዝ በለማጅነት አሳለፈ። ሥራውም ኩባንያው ከእስያ እያስመጣ በሐራጅ የሚሸጠውን የሻይ፣ የጨርቅና ኢንዲጎ የተባለውን የሰማያዊ ማቅለሚያ ሒሳብ በመዝገብ ማስፈር ነበር።

በሴፕቴምበር 1796 በቤተሰቡ ላይ ከባድ መከራ ደረሰ። ታላቅ እኅቱ ሜሪ በድንገተኛ የአእምሮ ሕመም ተይዛ እናታቸውን በቢላዋ ገደለች። ላምብ ያን ጊዜ የ21 ዓመት ወጣት ነበረ። እኅቱ ዕድሜ ልኳን በእብዶች ማቆያ ተዘግታ እንዳትቀር ኃላፊነቷን በራሱ ላይ ወሰደ፤ አባታቸው በ1799 ከሞቱ በኋላም ወደ ቤቱ አምጥቷት፣ ሚስት ሳያገባ አብሯት ኖረ። ሕመሙ በተመለሰባት ቁጥር ከፍሎ ያሳክማት ስለ ነበረ፣ የሊደንሆል ደመወዝ የእኅቱ ነጻነት ዋጋ ነበር ማለት ይቻላል።

ቀን ቀን ሒሳብ እየጻፈ፣ ማታ ማታ ለራሱ ይጽፍ ነበር። «ኢሊያ» በሚል የብዕር ስም ያወጣቸው መጣጥፎች በ1823 በመጽሐፍ ሲታተሙ ዝናው ተስፋፋ። በዚያው ዓመት በባንክ ቤት በጸሐፊነት የሚሠራው ባለቅኔ ወዳጁ በርናርድ ባርተን ሥራውን ለቆ በብዕሩ ለመተዳደር አሰበ። ላምብ ይህን በሰማ ጊዜ ባርተን ከባንኩ ጠረጴዛ ፈጽሞ እንዳይነሣ አጥብቆ መከረው። በአሳታሚዎች ፈቃድ ከመኖር ይልቅ ቋሚ ደመወዝ የሚገኝበት አሰልቺ ሥራ እንደሚሻል በብርቱ ቃል ጻፈለት። ይህን ምክር የሰጠው ሰው ራሱ ከጠረጴዛው የተነሣው ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

በ1825 መግቢያ ላይ የላምብ ጤና ተጓደለ። ሐኪሞች መታመሙን ካረጋገጡለት በኋላ የመልቀቂያ ማመልከቻውን አቀረበ፤ መልሱንም በጭንቀት ሲጠባበቅ ሰነበተ። ማርች 29 ቀን 1825 የኩባንያው ዲሬክተሮች 33 ዓመት በታማኝነት ማገልገሉን ተመልክተው፣ በ1813 በወጣው የፓርላማ ሕግ መሠረት የጡረታ አበል ፈቀዱለት። ዕድሜው 50 ዓመት ነበር። የዓመት ገቢው 730 ፓውንድ ሲሆን የተፈቀደለት አበል 450 ፓውንድ፣ ማለትም ከመቶ 62 ያህል ነው። በዘመኑ ይህ ትልቅ ዕድል ነበር። ለተራው ሠራተኛ የሚሆን የመጀመሪያው አገር አቀፍ የእርጅና መድን በጀርመን አገር የታወጀው ከ64 ዓመታት በኋላ፣ በ1889 ነው፤ ያውም መነሻ ዕድሜው 70 ነበር።

ላምብ ግን የጠበቀውን ደስታ ወዲያው አላገኘም። ለባለቅኔው ዎርድስወርዝ በጻፈው ደብዳቤ ነጻነቱ ከአእምሮው በላይ እንደ ሆነበት ገለጸ። በሜይ 1825 በለንደን ማጋዚን ላይ ያወጣው «ጡረተኛው ሰው» የተባለው መጣጥፍም ይህንኑ ስሜት በሰፊው ያሳያል። ባለታሪኩ ለረጅም ዘመን ታስሮ በድንገት እንደ ተፈታ ሰው ይደናገራል፤ የሳምንቱ ቀናት መልካቸው ይጠፋበታል፤ የቀድሞ ባልደረቦቹን ሊጠይቅ ቢሄድ ጠረጴዛው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ያገኘዋል። በመጨረሻ ግን መንፈሱ ይረጋጋል፤ ሥራ ፈትቶ መመላለስንም ይለምደዋል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ይህ መጣጥፍ የታተመው ላምብ ከሥራ በወጣ በሁለተኛው ወር ነው። አንባቢ ሁሉ የሚያውቀው የላምብ የጡረታ ምስክርነት፣ ስለዚህ፣ የአዲስ ጡረተኛ ምስክርነት ነው። የቀሩት ዓመታት ታሪክ የሚገኘው ከደብዳቤዎቹ ነው።

በ1826 ላምብ የጥንት ተውኔቶችን ለማንበብ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ይመላለስ ጀመር። የሚገባው ከጥዋቱ በአራት ሰዓት፣ የሚወጣውም ከቀትር በኋላ በአሥር ሰዓት ነበር፤ ይኸውም የመሥሪያ ቤቱ ሰዓት መሆኑ ነው። ሥራ የለመደ ሰው ያለ ቋሚ ሥራ ሊኖር እንደማይገባው ለባርተን የጻፈለት በዚህ ጊዜ ነው። በ1827 ከለንደን ወጥቶ ኤንፊልድ ወደ ተባለች የገጠር መንደር ተዛወረ። በዚያም ቀኑ ረዘመበት፤ የሜሪ ሕመምም እየተደጋገመ የጤናዋ ወራት አጠረ። በ1829 ለባርተን በላከው ሌላ ደብዳቤ፣ ሥራ ከመብዛቱ ይልቅ ሥራ ማጣት እንደሚከፋ መሰከረ። የሙት ልጅ ሆና በቤታቸው ያደገችው ኤማ ኢሶላም በ1833 ስታገባ ቤቱ ጭር አለ። በዚያው ዓመት ወንድምና እኅት ኤድመንተን ወደ ተባለ ስፍራ ተዛወሩ። በጁላይ 1834 ኮልሪጅ ሞተ፤ ላምብም በዚያው ዓመት ዲሴምበር 27 ቀን በ59 ዓመቱ አረፈ።

ከገንዘብ ወገን ሲታይ ግን የላምብ ሒሳብ የተስተካከለ ነበር። ከተፈቀደለት 450 ፓውንድ ውስጥ በየዓመቱ 9 ፓውንድ እየተቀነሰ፣ እርሱ ቀድሞ ቢሞት ለእኅቱ መጦሪያ እንዲሆን አድርጎ ነበር። በእጁ የሚገባው ስለዚህ 441 ፓውንድ ነው። ከቀድሞ ገቢው ከመቶ 40 ያህል የጎደለበት ሰው ከዚያው ላይ እንደ ገና መቀነሱ ቀላል አልነበረም። ሆኖም የ9 ፓውንዱ ጥቅም በኋላ ታየ፤ ሜሪ ከወንድሟ በኋላ ከ12 ዓመት በላይ ኖራ በሜይ 1847 እስክትሞት ድረስ ሳትቸገር ተጦራለች። ልጅ ያልወለደው ሰው ከመቃብር በኋላም ጧሪ ሆኖ ተገኘ።

የሒሳብ ሠራተኛ የሌላውን ሀብትና ዕዳ ሲያመዛዝን ይኖራል፤ የራሱን ለማመዛዘን ግን ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ላምብ የገንዘቡን ዓምድ አስቀድሞ አሰበበት፤ የሰዓቱን ዓምድ ግን ያሰበው ባዶ ሆኖ ካገኘው በኋላ ነው። ጤና አስገድዶትም ይሁን በገዛ ፈቃዱ ዕድሜው ሳይደርስ ለመሰናበት የሚያስብ የሙያ ባልደረባ፣ ማመልከቻውን ከመጻፉ በፊት ሁለቱንም ዓምዶች ጎን ለጎን ቢሞላቸው ይበጀዋል። አበሉ ማንን እንደሚጦር ብቻ ሳይሆን፣ በመጀመሪያው ሰኞ ጥዋት በአራት ሰዓት ወዴት እንደሚሄድም አስቀድሞ ይወቅ።