ባለቤት ያጡ ትንበያዎች፦ ከሞንት ፍለር እስከ አዲስ አበባ

በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ አካባቢ 50 ኢትዮጵያውያን አራት የተለያዩ ኢትዮጵያዎችን ጽፈው አደባባይ ወጡ። ከገዢውም ከተቃዋሚውም ጎራ የተውጣጡ ፖለቲከኞች፣ ምሁራንና የሲቪክ ማኅበራት ሰዎች ነበሩ። «ደስቲኒ ኢትዮጵያ» በተባለው መርሐ ግብር ለወራት ሲመክሩ ቆይተው፣ አገሪቱ እስከ 2040 እ.ኤ.አ. ልትደርስባቸው የምትችላቸውን አራት ቦታዎች አስቀመጡ። ሰባራ ወንበር ቀና ሐሳብ እያለው አቅም ያጠረውን መንግሥት ያሳያል፤ ሕዝቡ ይበዛል፣ ሥራ ፈላጊው ይጎርፋል፣ ወንበሩ ግን አይሸከምም። አጼ በጉልበቱ ጸጥታ አስከብራለሁ ብሎ ሁሉንም የሚጠቀልል አገዛዝ ነው። በፉክክር ቤት ክልሎች እየፈረጠሙ ማዕከሉ ይላላል። ንጋት በእርቅና በተቋማት ግንባታ ቀስ እያለ የሚመጣ ዴሞክራሲ ነው። ሁሉም ንጋትን መረጡ።

ዓመቱ ሳያልቅ ከአራቱ አንዱ በአገሪቱ ላይ መታየት ጀመረ። አገር አቀፉ ምርጫ በኮሮና ምክንያት ተራዘመ፤ የትግራይ ክልል ግን ጳጉሜ 4 ቀን 2012 የራሱን ምርጫ አካሄደ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ምርጫውን ውድቅ አደረገ። ክልሉ በበኩሉ የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ዘመን አብቅቷል ብሎ ዕውቅና ነሳው። የበጀት ድጎማው ከክልሉ መንግሥት ተነጥሎ ለታችኛው የአስተዳደር እርከን እንዲሄድ ተወሰነ። ሁለቱም ወገን ሕገ መንግሥት እየጠቀሰ አንዱ ሌላውን ሕገ ወጥ አለ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነቱ ፈነዳ፤ እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነትም ሁለት ዓመት ያህል ዘለቀ። የፉክክር ቤትን የጻፉት ሰዎች እንዲህ ቶሎ እውን ይሆናል ብለው ያሰቡ አይመስልም።

እንግዲህ ትንበያው ሰምሯል ማለት ይቻላል። ታዲያ ምን ጠቀመ? ይህን ለመመለስ አማራጭ መጻኢ ዕድሎችን የመጻፍ ስልቱ ቀድሞ ወደተፈተነበት አገር መሄድ ያስፈልጋል።

የደቡብ አፍሪካን መጻኢ ዕድል የተነበዩ ብዙ ናቸው። አር. ደብልዩ. ጆንሰን በ1977 (የደቡብ አፍሪካ ዘመናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አገሪቱ እስከ መቼ ትቆያለች የሚል ጥያቄ በመጽሐፉ ርእስነት አነሣ። የአንግሎ አሜሪካን ኩባንያው ክሌም ሰንተር በ1980ዎቹ አጋማሽ «ከፍተኛው መንገድ» እና «ዝቅተኛው መንገድ» ብሎ ድርድርንና ግጭትን ለነጮች ታዳሚዎች ጭምር እየዞረ አስረዳ። ደም መፋሰስን የጠበቁት ግን ከሁሉም ይበዙ ነበር።

በ1991ና በ1992፣ አፓርታይድን ለማብቃት የሚደረገው ድርድር በተጧጧፈበት ወቅት፣ 22 ሰዎች በስቴለንቦሽ አጠገብ በሚገኘው ሞንት ፍለር ተሰበሰቡ። የመራቸው ከሼል የነዳጅ ኩባንያ የመጣው አዳም ካሄን ነበር። የአራቱ ትረካዎቻቸው ስያሜ ከአእዋፍና ከበረራ የተወሰደ ነው፦ ራሷን አሸዋ ውስጥ የምትቀብር ሰጎን፣ መብረር ያቃታት ዳክዬ፣ ወደ ፀሐይ ተጠግቶ የሚወድቀው ኢካሩስ፣ ተያይዘው ቀስ ብለው የሚነሡ ፍላሚንጎዎች። እንደ እኔ ግምት ከአራቱ እውነተኛ ሥራ የሠራው ኢካሩስ ነው። አዲሱ መንግሥት ሕዝብን ለማስደሰት ካለው በላይ ቢያወጣ ኢኮኖሚው መጀመሪያ ፈክቶ ኋላ ይወድቃል ይላል። ይህን ሲያደምጡ ከነበሩት መካከል ትሬቨር ማኑዌል በ1996 የገንዘብ ሚኒስትር፣ ቲቶ ምቦዌኒ በ1999 የማዕከላዊ ባንክ ገዥ ሆኑ። የ1996ቱ የኢኮኖሚ ፖሊሲ ወጪን አጥብቆ ያዘ። የሠራተኛ ማኅበራቱ አምርረው ተቃወሙት፤ ዛሬ የሥራ አጡ ቁጥር ከ30 በመቶ በላይ መሆኑን ያየ ሰው ተቃውሟቸውን በቀላሉ አይጥለውም። ያም ሆኖ ትንበያው ባለቤት አግኝቷል፤ ቃሉን የሰማው ሰውና ካዝናውን የያዘው ሰው አንድ ነበሩ።

ባለቤት ያጣው ምን ይሆናል? መልሱ እዚያው አገር አለ። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በ1998 ያወጣው የኢነርጂ ፖሊሲ ሰነድ የመንግሥቱ የኤሌክትሪክ ኩባንያ የኤስኮም ትርፍ የኃይል ማመንጨት አቅም በ2007 ገደማ እንደሚያልቅ በግልጽ አስፍሯል። የኃይል ማመንጫ ለመሥራት ዓመታት ስለሚፈጅ ውሳኔው ጊዜ አይሰጥም ነበር። መንግሥት ግን ኤስኮም አዲስ ጣቢያ እንዳይሠራ ከልክሎ የግል ባለሀብት ጠበቀ። ባለሀብቱ አልመጣም። በ2007 መጨረሻ ኃይል በፈረቃ ሆነ፣ በጥር 2008 የወርቅ ማዕድን ማውጫዎች ለቀናት ሥራ አቆሙ። ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪም ኤስኮም ትክክል፣ መንግሥት ስሕተተኛ እንደነበር አመኑ። ዓመቱን ሳይቀር የያዘ ትንበያ በመንግሥት ሰነድ ውስጥ ወደ አሥር ዓመት ተቀምጦ ነበር።

የአዲስ አበባው ሰነድ ችግርም ከዚሁ ይመነጫል። 50ዎቹ ንጋትን ሲመርጡ ለንጋት ሲል ማን ምን እንደሚተው አልተዋዋሉም። ለምሳሌ ክልሎች ያደራጁት ልዩ ኃይል የፉክክር ቤት ዋነኛ ምልክት ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት እንዴትና በምን ዋስትና ይፍረስ የሚለው በስምምነት ቢያዝ ኖሮ በ2015 ዓ.ም. መንግሥት በአንድ ጊዜ ለመበተን ሲወስን የተነሣው ቁጣ ባልከፋ ነበር። በዚያው ዓመት በአማራ ክልል ግጭቱ ተባብሶ ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ሌላም ጉድለት አለ። ትረካዎቹ ለየብቻ ስለተጻፉ አንባቢው ከአራቱ አንዱ ብቻ ይመጣል ብሎ እንዲያስብ ያደርጋሉ። ኢትዮጵያ ግን የአቅም ማነስን፣ ጉልበትንና የክልሎችን ፉክክር በአንድ ላይ አየቻቸው፤ አንዱም ሌላውን አባባሰ።

በ2014 ዓ.ም. በዐዋጅ የተቋቋመው የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ከየወረዳው አጀንዳ ሲያሰባስብ ቆይቷል። አጀንዳ ማሰባሰብ የሥራው ግማሽ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጎን ፈጻሚው ተቋምና ቀነ ገደቡ ካልተጻፈ ግን የምክክሩ ውጤት ከ50ዎቹ ሰነድ አጠገብ ይደረደራል።

የሚጀመርበት ቦታ ደግሞ ሩቅ አይደለም። በ2040 እ.ኤ.አ. ሥራ የሚፈልገው ወጣት ዛሬ ተወልዶ ትምህርት ቤት ገብቷል፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2050 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ሕዝብ ከ200 ሚሊዮን እንደሚበልጥ ይገምታል። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው ግን በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ያገኘውም ከ73 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው። ቀጣዩ በተደጋጋሚ ተራዝሟል፣ አንዱም ምክንያት የጸጥታው ሁኔታ ነው። ለክልሎች የሚከፋፈለው ድጎማ ቀመርም የሕዝብ ብዛትን የሚያሰላው ከዚያ ቆጠራ በተነሣ ግምት ነው። በዚያ ቆጠራ ዓመት የተወለዱት ልጆች አሁን ራሳቸው ሥራ ፈላጊ ሆነዋል።