ከጨርቅ አምሳያ እስከ ጋምቤላ፤ በነርስነት ትምህርት ውስጥ አስመስሎ መለማመድ

የነርስነትን ሙያ በሰው አምሳያ ማስተማር የቅርብ ጊዜ ግኝት ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። ታሪኩ ግን ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1759 የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 15ኛ አንጄሊክ ዱ ኩድሬ የተባለችውን አዋላጅ የገጠር ሴቶችን እንድታሠለጥን አሰማራት። እርሷም ከጨርቅና ከቆዳ የተሠራ የእናትና የሕፃን አምሳያ ይዛ ከሃያ ዓመት በላይ ከአውራጃ ወደ አውራጃ ተዘዋወረች። ከተማሪዎቿ ብዙዎቹ ማንበብ ስለማይችሉ መጽሐፋቸው ይኸው ጨርቅ ነበር ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1911 በአሜሪካ የሐርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ «ወይዘሮ ቼዝ» የተባለችውን ባለ ሙሉ ቁመና አሻንጉሊት ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1960 ደግሞ ኖርዌያዊው ኦስሙንድ ሌርዳል የትንፋሽ ማለማመጃውን «ሪሰሲ አን»ን ሠራ።

በአገራችን ጐልቶ የወጣው መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን በቡድን አደራጅቶ በገጠር ጤና ጣቢያዎች ያሠለጥን ነበር። ዘዴው ለድሃ አገር እጅግ የሚስማማ እንደ ነበር አያከራክርም። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ያስነሣል፤ የተማሪው የመጀመሪያ ስሕተት በማን ገላ ላይ ይፈጸም?

የነርስ ተማሪዎች ስለ አስመስሎ መለማመድ የሚሰጡት አስተያየት ከዚሁ ጥያቄ ይነሣል። በየአገሩ ሲጠየቁ፣ ሰውን ሳይጐዱ ደጋግሞ መሞከር ድፍረት እንደሚሰጣቸው ይናገራሉ። ቅሬታቸውም ተቀራራቢ ነው፤ አምሳያው ጥቂት፣ ተራው ረጅም፣ የመምህሩና የጓደኞች ዓይን የሚያስጨንቅ ነው። ከሁሉ በላይ ግን አሻንጉሊቱ አይናገርም።

ይህ የመጨረሻው ቅሬታ በጋምቤላ ልዩ ክብደት አለው። የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የማጃንግ፣ የኦፖና የኮሞ ሕዝቦች በየቋንቋቸው በሚናገሩበት፣ ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. ወዲህም በጦርነት የተሰደዱ እጅግ ብዙ ደቡብ ሱዳናውያን በተጠለሉበት ክልል፣ ነርሷ ስለ ምጧ የምትጠይቃት እናት በሌላ ቋንቋ ልትመልስላት ትችላለች። እ.ኤ.አ. በ2010 በሥራ ላይ የዋለው «ኒዮናታሊ» የተባለው የሕፃን አምሳያ ውሃ ሲሞላበት እንደ ሕፃን ይከብዳል፤ ዋጋውም ከትልልቆቹ አሻንጉሊቶች ያነሰ ነው። ሕፃኑን ማስተንፈስ ያስተምራል፤ የተደናገጠችን እናት ማነጋገር ግን አያስተምርም።

ስለዚህ የዕቃ ግዥ ብቻውን ዕቅድ ሊባል አይገባውም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሐኪሙ ሃዋርድ ባሮውስ ጤነኛ ሰው የሕመምተኛን ጠባይ አጥንቶ እንዲጫወት በማድረግ ያስተማረበት ዘዴ ከፍተኛ ወጪ አይጠይቅም። በጋምቤላ ኑዌርኛ ተናጋሪዋ ተማሪ ምጥ የያዛትን እናት ሆና ብትተኛ፣ አኙዋዊቷ ነርስ ሆና ብትቀርባት፣ በሳምንቱም ቦታ ቢለዋወጡ፣ የሚማሩት ቃል ብቻ አይሆንም፤ በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ግጭት በተደጋጋሚ መነሣቱ ይታወቃልና። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ አልጋ፣ የልምምዱን ንግግር በየቋንቋው የሚያዘጋጅ መምህርና በሳምንቱ የትምህርት ፕሮግራም ላይ የተወሰነ ሁለት ሰዓት ነው።