ቻርልስ ሆስትለር የተማሪዎች ማዕከል
በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ በሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ የሚገኝ ሕንጻ። ንድፉን ያወጣው የሚኒያፖሊሱ የአርክቴክቶች ድርጅት ቪጄኤኤ ነው፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቀ። ስፖርት ማዘውተሪያው፣ መዋኛው፣ አዳራሹና ካፍቴሪያው በአንድ ጣሪያ ሥር ከመታጨቅ ይልቅ ወደ ባሕሩ በሚከፈቱ መተላለፊያዎች ተለያይተው ቆመዋል። ስለዚህ አንዱ ለሌላው ጥላ ይሆናል፤ ቀን የባሕር፣ ሌሊት የተራራ ነፋስ በመካከላቸው ያልፋል። ለማቀዝቀዣው የባሕር ውኃ ያግዛል፤ ጣሪያው ላይም ተክል አለ። በ2009 የአሜሪካ አርክቴክቶች ኢንስቲትዩት የአካባቢ ኮሚቴ ከዓመቱ አሥር ምርጦች አንዱ አድርጎታል። የዚህ ዓይነቱ አሠራር ጥቅም ይበልጥ የጎላው በ2021 የመንግሥት መብራት በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ሲመጣና ቤይሩት በናፍጣ ጄኔሬተር ጭስ ስትታፈን ነው፤ በነፋስና በጥላ የቀዘቀዘ ክፍል ናፍጣ አይጠይቅም።