ሸሞንሟናዬ
የሙዚቃ ካሴት፤ ኃይሉ መርጊያ፤ ዋሽንግተን ዲሲ፣ 1985 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

በዚህ ካሴት የሚሰማው ባንድ በሙሉ አንድ ሰው ነው። ኃይሉ መርጊያ አኮርዲዮኑን፣ የሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ የሙግ ሲንተሳይዘሩንና ያማሃ ዲኤክስ 7ን በየተራ እየተጫወቱ አንዱን በሌላው ላይ ደርበው ቀረጹ፤ ምቱን ለድራም ማሽን ተዉለት። ማሽኑ ድርቅ ብሎ ቢመታም አኮርዲዮኑ ዜማውን እየሳበ፣ እያዘገመ ሕይወት ይዘራበታል።

በ1946 በደብረ ብርሃን የተወለዱት ኃይሉ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት ነበሩ። ጃዝን፣ ፈንክንና የአገር ቤት ዜማን ያዋሐደው የባንዱ «ቸ በለው» (1977) የግርማ በየነን ድርሰት «ሙዚቃዊ ስልት»ን የያዘ ሸክላ ሲሆን፣ ሙላቱ አስታጥቄም ተሳትፈውበታል። በዓመቱ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ»ን ሠሩ።

ዋልያስ በ1981 ለኮንሰርት አሜሪካ ሲሻገር ኃይሉ እዚያው ቀሩ። ኋላ በታክሲ ሹፌርነት ሲተዳደሩ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ እየጠበቁ መኪናቸው ውስጥ በባትሪ በሚሠራ ኪቦርድ ይለማመዱ ነበር።

አሜሪካዊው ብራያን ሺምኮቪትስ ካሴቱን ባሕር ዳር ውስጥ አግኝቶ በ2013 ዳግም አሳተመው። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሱ፤ ከድራመሩ ቶኒ በክና ከቤዝ ተጫዋቹ ማይክ ማይኮቭስኪ ጋር «ላላ በሉ»ን (2018) አወጡ፤ ቀጥሎም «የኔ ምርጫ» (2020) ወጣ።